አሥራ አንደኛው ኮምፒውተር

«ድንቹን ላውጣው?» አለ ወንድሟ፣ ከኩሽናው በር አንገቱን ብቅ አድርጎ።

«በስሏል?» አለች እናታቸው፣ ከእህትየው ጎን እንደተቀመጠች።

«የበሰለ ይመስለኛል። ላውጣው?»

«ከበሰለ አውጣዋ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች፤ ተነሳችና ራሷ አወጣችው። ወንድምየው ምድጃው ፊት ቆሞ ቀረ። ምድጃው መጥፋቱን ማንም ያየዋል፤ እሱ ግን «ጠፍቷል አይደል?» ብሎ ጠየቀ፣ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ለካ፣ ከዚያ ደግሞ ጠየቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት የሁለት መቶ አሥራ አራት ኮምፒውተር አዛዥ ነበር። ዛሬ መብራት ሊያጠፋ «ላጥፋው?» ይላል፣ በር ሊዘጋ «ልዝጋው?» ይላል። ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን መጫን ያቅተውና ሌላ ሰው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ይስቅበት ነበር። ታናሽ እህቱ ግን አንድም ቀን አልሳቀችም። «እርግጠኛ ነሽ?» ባለ ቁጥር የአንድ ሰውዬ ፊት ድቅን ይልባታል።

ሰውዬው እሷ የምትሠራበት ቢሮ የመምሪያ ኃላፊ ነው። ከጀርባው በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አቶ እጄ-የለበትም» ነው የሚሉት። ሲያዝ በአፉ ነው። አይጽፍም፣ አይፈርምም፤ ነገር ሲበላሽ «እኔ እጄ የለበትም» ይላል፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ሲሳካ ደግሞ ማን ይቀድመዋል!

የወንድሟ ሥራ፣ አሁን የሷ የሆነው፣ እንዲህ ነው። ቢሮው አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልገው ባለሙያው በየክፍሉ እየዞረ አይጭንም። ከራሱ ጠረጴዛ ሳይነሳ፣ ከስም ዝርዝሩ ላይ የሚፈልጋቸውን ኮምፒውተሮች ይመርጣል፣ አንዴ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ በገመዱ ሄዶ በተመረጡት ላይ ብቻ ይቀመጣል። መጫኑን ማንም ይችለዋል። ትልቁ ሥራ መምረጡ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን የሚላከው ፕሮግራም ለዘጠኝ አዳዲስ ኮምፒውተሮች የታሰበ ነበር። ክፉ ጠባይ ነበረበት፤ የነበረውን ሁሉ ጠራርጎ ካጠፋ በኋላ ነው የሚቀመጠው። ለዘጠኙ ግድ የለም፣ ባዶ ነበሩ። አቶ እጄ-የለበትም ግን ክፍሉን ቆልፎ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሌላ ቦታ ስብሰባ ተቀምጦ ነበርና፣ በዕድሜው አንዴ በአፉ ማዘዝ ሳይመቸው ቀርቶ ከስልኩ ጻፈ። «ለሁሉም ላከው» የሚል ነበር። ወንድሟ መልሶ ጠየቀው፤ ሰውዬው ደገመለት። ተላከ። ምሳ ሳይደርስ የዚያ ሁሉ ሰው የዓመታት ሥራ ድራሹ ጠፋ። የወንድሟም ኮምፒውተር አብሮ ተጠረገ፤ የተጻጻፉት መልእክት እዚያው ላይ ነበር። ሳይነካ የተረፈው ጠፍቶ የነበረው የኃላፊው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ወንድሟ «ታዝዤ ነው» አለ። «በምን?» አሉት። «በጽሑፍ።» «አሳየና!» ምን ያሳይ? ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔ እጄ የለበትም፤ ልጁ በራሱ ነው የወሰነው» አለ። አለቀ። ዋና ሥራ አስኪያጇ የስንብት ደብዳቤውን ፈረሙ።

የከፋው ደግሞ በኋላ የመጣው ነው። ወንድሟ ለመጀመሪያዎቹ ወራት «ጠይቄዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ» እያለ ይምል ነበር። ቀስ በቀስ «ጠይቄዋለሁ መሰለኝ» አለ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ምድጃው ፊት መቆም ጀመረ።

እህትየው የሱ ረዳት ነበረችና ወንበሩን ስጧት ተባለ። ተቀበለች። «የወንድሟ ወንበር ላይ! አይ ሰው!» ብለው ያሟት ብዙ ናቸው። ይሟት! እሷ እዚያ የተቀመጠችው ሰውዬውን በቅርብ ለማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና አደሩ» እያለችው፣ ቂሟን በሆዷ ይዛ፣ ቀን ስትጠብቅ ኖረች። መልእክቱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ የሰውዬው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ከስልኩ የሚጽፈውም ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፣ እሱ መልእክት መሰረዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ሰርቃ ብታወጣው ግን «ራሷ ፈጥራ ነው፣ ለወንድሟ ብላ» ይሏታል። ከሱ እጅ ራሱ እንዲወጣ ማድረግ ነበረባት።

ያ ቀን ማክሰኞ ጠዋት መጣ።

የኔትወርክ ክፍሉ መስኮት የለውም። ማሽኖቹ ሌት ተቀን ስለሚያፏጩ ሰው ሲገባ አይሰማም። ኃላፊው ድንገት አጠገቧ ቆሞ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ጣለ።

«ይኼን ፕሮግራም በነዚህ ላይ ትጭኛለሽ።»

ፕሮግራሙ ሰላይ ነው፤ በየደቂቃው ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል። ነገሩ እንዲህ ነበር፤ አንድ ስሙን ያልጻፈ ሠራተኛ ስለ ኃላፊው አቤቱታ ለዋና ሥራ አስኪያጇ አስገብቷል። ኃላፊው ደግሞ ጸሐፊውን ለመያዝ «ሠራተኛው ሥራ አይሠራም፣ እንየው» ብሎ አሳመናቸው። እሳቸውም ፈቀዱ፤ ግን ፎቶዎቹ ዓርብ ዓርብ ተጠቃለው በቀጥታ ለኔ ይምጡ አሉ።

ወረቀቱ ላይ የአሥራ አንድ ኮምፒውተሮች ስም አለ። ፊርማ የለም።

«ይፈርሙበት» አለችው።

«ነገርኩሽ አይደል?»

«ያለ ተፈረመ ዝርዝር ምንም አይላክም። የዋና ሥራ አስኪያጇ መመሪያ ነው።»

መመሪያው የወጣው በወንድሟ ጦስ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሰውዬው እስክሪብቶውን እንደ መርፌ ፈርቶት፣ እያቅማማ፣ ፈረመ።

እሷ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሒሳብ ሦስት። ሒሳብ ስድስት። ግዢ ሁለት። እያለች ወረደች። አሥራ አንደኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መዝገብ ሰባት ይላል።

መዝገብ ሰባት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ኮምፒውተር ነው፤ በወረቀት። ባለፈው ዓመት ለመዝገብ ቤት አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ አቶ እጄ-የለበትም አየው፣ አማረው፣ ወሰደው። የራሱን አሮጌ ለሴትዮዋ ሰጣት። ሥራውን የሠራችው እህትየው ናት፤ የድሮ መልእክቶቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ያዛወረችለትም እሷው። «ስሙን ልቀይረው?» ብትለው «ተይው! ንብረት ክፍል እንዳያይ። ምንም ቦታ አትጻፊ» አላት። እንግዲህ ንብረት መዝገቡ ላይ መዝገብ ሰባት የሴትዮዋ ነው። እውነተኛው መዝገብ ሰባት ግን አምስተኛ ፎቅ፣ ምንጣፍ ያለው ቢሮ ውስጥ፣ ሰውዬው ፊት ተቀምጧል። የዘረፈውን እንኳ ዘርፌያለሁ ብሎ አያስታውስም፤ የለመደ ሌባ እንዲህ ነው።

«ስሞቹን ከየት አገኟቸው?» አለች፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል።

«ከንብረት መዝገብ። ምነው?»

«አንዳንዱ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ዞሬ ልይ?»

«አያስፈልግም።»

«ግማሽ ቀን ቢሰጡኝ አንድ በአንድ...»

«ስሚ!» አለ፣ ጣቱን አፍንጫዋ ላይ ሊያደርስ ምንም አልቀረውም። «ወንድምሽም እንዳንቺ አዋቂ ነኝ ባይ ነበር። የት ደረሰ? የተጻፈውን ብቻ! አንድ እንዳትጨምሪ፣ አንድ እንዳትቀንሺ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ!»

በሩን ወርውሮት ወጣ። እሷ ለአፍታ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች፤ ከዚህ በላይ የምትጠይቀው እናቱ ናት እንዴ?

ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ስሞች ስክሪኗ ላይ ተደረደሩ። መምረጥ ጀመረች። አሥሩ ሠራተኞች ላይ ስትደርስ እጇ ከበዳት፤ ምን በደሉ? ግን አንዱን ብትቀንስ ዝርዝሩ የሷ ይሆናል እንጂ የሱ አይሆንም። አሥራ አንድ ላይ ምልክት አደረገች። ማሽኑ ጠየቃት፤ ለተመረጡት አሥራ አንድ ይላክ ወይ ብሎ። ተጫነች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች።

«እትዬ፣» አለቻት ሴትዮዋን በጆሮዋ፣ የአሥሩን ስም እያሳየቻት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እነዚህ አሥር ሰዎች ቀጥ ብለው ይሥሩ። ስክሪናቸው ይታያል። ከኔ አልሰማሽም።»

«እኔ ደግሞ ለማን እነግራለሁ ልጄ!» አለች ሴትዮዋ፣ ተነስታ ጫማዋን እያጠለቀች።

ለሷ መንገር በድምፅ ማጉያ ማስነገር ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሥሩም ሰምተው መልአክ ሆኑ። ሒሳብ ክፍል ካርታ ሲጫወት የሚውለው ሰውዬ ለሦስት ቀን እንዲህ ሠርቶ ስለማያውቅ ሚስቱ ምን ሆኖ ነው ብላ ደውላ ጠይቃለች አሉ፤ ቤት ሲገባ በድካም ይተኛል። ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ለሱ ማን ይነግረዋል?

ሐሙስ ጠዋት እሷ አምስተኛ ፎቅ ወጣች። ይዛ የሄደችው ነገር ውሸት አልነበረበትም፤ ዋና ሥራ አስኪያጇ ከወር በፊት ያዘዙት ሥራ ነው።

«የድሮ መልእክቶች ሁሉ ሰኞ ወደ አንድ ማዕከል ይዛወራሉ» አለችው። «እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

«ይዛወሩ።» ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«የቆዩትም ናቸው። ወንድሜ እዚህ በነበረ ጊዜ የተጻፉትም።»

አሁን ዓይኑን አነሳ።

«ከተዛወሩ በኋላ ማን ያያቸዋል?»

«ዋና ሥራ አስኪያጇ። ኦዲተርም ከፈለገ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እሺ፣ በሩን ዘግተሽው ሂጂ» አለ። ዘጋችው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

ክፍሏ ተመልሳ ጠበቀች። ፎቶዎቹን ማየት አትችልም፤ ፈቃድ የላትም። የምታየው ከመዝገብ ሰባት በየደቂቃው አንድ ፎቶ መነሳቱን የሚቆጥረውን ቁጥር ብቻ ነው። አርባ ደቂቃ አለፈ። ስልኳ ጮኸ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ኃላፊው። ድምፁ እንደዚህ ለስልሶ ሰምታው አታውቅም። «የሆነ... ያረጀ መልእክት ልሰርዝ ነበር። ቦታ ይዞብኝ። እንዴት ነው?»

«ጣጣ የለውም። አገኙት?»

«አገኘሁት።»

«መጀመሪያ ይክፈቱት። ሌላ እንዳይሰርዙ፣ ትክክለኛው መሆኑን ደህና አድርገው ያንብቡት።»

ሲያነብ ትንፋሹ ይሰማታል። የግድግዳውን ሰዓት አየች። አንድ ደቂቃ ሙሉ እስኪያልፍ መናገር አልፈለገችም፤ አለፈ። ቁጥሩ በአንድ ጨመረ።

«እሱው ነው» አለ።

«አሁን ይሰርዙት። ከዚያ ቅርጫቱን ባዶ ያድርጉት፤ ያኔ ማንም አያገኘውም።»

«እርግጠኛ ነዎት ወይ ይለኛል።»

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ነኝ እንጂ!»

«እንግዲያውስ አዎ ይበሉት።»

አዎ አለው። «ተባረኪ» አላት፣ ሰውዬው! በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስልኩን ዘግታ አንገቷን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። ማሽኖቹ ያፏጫሉ፤ የሚሰማት አልነበረም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዋና ሥራ አስኪያጇ መጀመሪያ ያስጠሩት የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ነበር፣ በቁጣ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የመኪና ዋጋ ስታዪ ነው የከረምሽው!»

«መኪና? እኔ? ብስክሌት እንኳ ቀና ብዬ አላይም እመቤቴ!» አለች ሴትዮዋ። «ደግሞ መዝገብ ሰባት የኔ አይደለም። የኔን እኮ ኃላፊው ከወሰዱት ዓመት አለፈው!»

ያኔ ነው ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማየት የጀመሩት። የሐሙስ ጠዋቱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም አስጠሩ፣ ኃላፊውንም እሷንም።

ሰውዬው ፎቶውን ሲያይ ጣቱን ወደሷ ቀሰረ።

«እሷ ናት! ሆን ብላ እኔ ላይ ጭናብኝ ነው! እኔ በዚህ ነገር እጄ...»

እሷ አንድ ቃል ሳትናገር የተፈረመውን ዝርዝር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

ኃላፊው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«መዝገብ ሰባት እርስዎ ቢሮ ምን ይሠራል?»

አንገትጌው በላብ ረጥቧል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ ተቀምጠው እየዋሹኝ!» አሉ ሥራ አስኪያጇ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው። ወደሷ ዞሩ፤ ድምፃቸው ወረደ። «ያን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወንድምሽን... እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ።» ፎቶውን አትመው ሰጧት።

ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ ሠራተኛው በየበሩ ቆሞ ነበር። ሊፍቱ ጋ ደርሶ ሁለት እጁ ስለተያዘ ቁልፉን መጫን አቃተው። ማንም አልረዳውም። እሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና አየችው፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። የእጁን አገኘ። ይበለው! ልታዝንለት ይገባ ነበር የሚል ካለ እሱ ይዘንለት፤ እሷ ካርቶኑን እንደታቀፈ የእጁን መዛል እስክትጠግብ ቆማ አየች።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት እናታቸው ድንች ጥዳለች። ወንድምየው ምድጃው አጠገብ ወንበር ይዞ እንደተለመደው ዘብ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እንካ» አለችው፣ ወረቀቱን ዘርግታ።

«ምንድነው?»

«አንብበው።»

ተቀበላት። ፎቶው የአንድ ስክሪን ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ የቆየ መልእክት ተከፍቷል። ከላይ «ለሁሉም ላከው» ይላል። ከሱ ሥር የወንድሟ ጽሑፍ አለ፤ «ለሁሉም? የነበረውን ያጠፋል እኮ። እርግጠኛ ነዎት?» ከዚያ የኃላፊው፤ «ለሁሉም።» ከዚያ እንደገና የወንድሟ፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ድጋሚ ልጠይቅ። እርግጠኛ ነዎት?» ከሥሩ፣ «ላክ አልኩህ! አትከራከረኝ።»

ወንድሟ አነበበው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ደግሞ አነበበው። 

«ጠይቄው ነበር» አለ።

«ጠይቀኸው ነበር።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ሁለት ጊዜ፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ፣ እቱ...» መልእክቱን በጣቱ ነካው። «እኔ እኮ በኋላ በኋላ የፈጠርኩት መስሎኝ ነበር። እኔ ያደረግኩት መስሎኝ፣ ጥፋቴን ላለማመን ጠይቄዋለሁ የምል መስሎኝ ነበር። ራሴን አላምነው ብዬ ነበር።»

እናታቸው በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እህትየው ሰውዬው ካርቶን ይዞ እንዴት እንደወጣ፣ ሊፍቱ ጋ እንዴት እንደቆመ፣ ሁሉንም ልትተርክለት አፏን ከፍታ ነበር፤ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ወሬ ነው። እሱ ግን አልሰማትም። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ተነሳ፣ ምድጃውን ቀጭ አድርጎ አጠፋው። ማንንም አልጠየቀም። ድስቱን በጨርቅ ይዞ አወጣው፣ ውሃውን ደፋው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

እናትየውና እህትየው ተያዩ።

ድንቹ ጥሬ ነበር። ማንም ምንም ሳይል እስከ መጨረሻው በሉት።